የእትዬ ለተክርስቶስ ፊት

«ዣንጥላውን ልመልስ ነው የመጣሁት» አለ ሰውየው፣ ከዝናቡ ሸሽቶ ወደ ሱቁ በር ጠጋ እያለ።

እትዬ ለተክርስቶስ ከወንበራቸው ቀና ብለው አዩት። ኤዶምም የክር ጥቅል ስትደረድርበት ከነበረው መሳቢያ ላይ ዓይኗን አነሳች። ዣንጥላው ከዚሁ ሱቅ የተገዛ ለመሆኑ አይካድም። ግን ሁለት ሽቦው ተሰብሯል፤ ጥቁር የነበረው ጨርቅ ፀሐይ መትቶት ቡናማ ሆኗል፤ የእጀታው ጎማ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው።

«ምን ሆኖ ነው የሚመለሰው?» አለች ኤዶም።

«ምንም አልሆነም። አምና ክረምት ነው የገዛሁት፤ ደህና አድርጎ አገልግሎኛል። ዘንድሮ ግን መኪና ገዛሁ፤ ስለዚህ አያስፈልገኝም። በሌላ ዕቃ ቀይሩልኝ።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ የሐፍረት ቅንጣት አልነበረም።

በደህናው ጊዜ ቢሆን ይህ ሰውዬ አለቀለት። እትዬ ለተክርስቶስ እኮ የራስ መኮንን ድልድይ ወያላ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያልፋቸው ሴት ናቸው። ስድባቸውን በአማርኛ ጀምረው በትግርኛ ይጨርሱታል፤ ተሰዳቢው ግማሹ ሳይገባው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ግን እኚህ ሴት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጉሮሯቸውን አሟቸው ነው ተባለ። የኤዶም እናትም «ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ተኝተሽ ስልክ ከምትጎረጉሪ ሄደሽ አፍ ሁኚላቸው» ብላ ከእሪ በከንቱ ወደ ድልድዩ የላከቻት ለዚሁ ነው። ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ፣ በክረምት ደግሞ ዣንጥላ በሚሸጥባት በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኤዶም ታወራለች፣ እትዬ ለተክርስቶስ በጣታቸው ያሳያሉ።

ሰውየው መልስ ሳይጠብቅ ዣንጥላውን እጃቸው ላይ አኖረው።

እትዬ ለተክርስቶስ ዣንጥላውን ወደ ላይ አነሱት። አፋቸው ተከፈተ። ቀኝ ቅንድባቸው ሻሻቸው ድረስ ወጣ። ከዝናቡ ተጠልለው የቆሙት መንገደኞች ሳይቀሩ የሚወርደውን መዓት ጠበቁ። ምንም አልወጣም! አፋቸው እንደተከፈተ፣ ቅንድባቸው እንደተሰቀለ፣ ዣንጥላው በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀሩ። ከኋላቸው በየካርቶኑ ላይ የተሰፋው ባለቀለም ቁልፍ ያብለጨልጫል።

ኤዶም ስልኳን አወጣችና ፎቶ አነሳቻቸው። ሳታስበው እጇ ነው የቀደማት።

ሰውየው ዝምታው ከስድብ በላይ ሆነበት መሰለኝ፣ ዣንጥላውን መንትፎ ውልቅ አለ። እትዬ ለተክርስቶስም አፋቸውን ገጥመው ተቀመጡና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ኤዶም ፊቷን መሳቢያው ውስጥ ቀብራ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

* * *

«ወይኔ አምላኬ!» አለ ቃለአብ በዚያው ቀን ከሰዓት ፎቶውን ሲያይ። «አንቺ! ይሄ ወርቅ ነው እኮ!»

ቃለአብ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አብረው ተምረዋል። «ፊት አራዳ» የሚባል የቴሌግራም ቻናል አለው፤ ሥዕል ላይ አስቂኝ ጽሑፍ እየለጠፈ የሚያወጣበት። ተከታዮቹ የክፍላቸው ልጆች፣ የአክስቱ ልጆችና በስህተት የገባ አንድ የመኪና ደላላ ነበሩ። ጽሑፉን የምታወጣው ኤዶም ነች። ይህን ከቃለአብ በቀር የሚያውቅ የለም። ኤዶም ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል፤ አስተማሪ ሲጠይቃት መልሱን እያወቀችው ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። መልሱ አሳምሮ የሚመጣላት ቤት ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ነው። ስልክ ላይ ግን ማን ይችላታል!

ከዝናቡ ተጠልለው አንድ ያረጀ የፒያሳ ፎቅ ደረጃ ሥር እንደቆሙ፣ ከፎቶው በላይ ጻፈችበት፦ «የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቼ መርፌና ክር ሳገኝ።»

ቃለአብ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። «ጨምሪ፣ ጨምሪ!»

ጨመረች። «‹ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ደርሻለሁ› ያለችኝ ልጅ ገና ፊቷን እየታጠበች መሆኑን ስሰማ።» ደግሞ፦ «አክስቴ በእንግዳ ፊት ‹ስንተኛ ወጣሽ?› ስትለኝ።» ደግሞ፦ «መብራት መጣ ብዬ ሻማዬን እፍ ካልኩ በኋላ።»

«አንቺ ልጅ ጤነኛ አይደለሽም» አለ ቃለአብ በአድናቆት። ከዚያ ፊታቸውን ብቻ ቆርጦ አወጣና ስቲከር አደረገው፤ ሁሉንም ቻናሉ ላይ ለቀቀው። እትዬ ለተክርስቶስ በዚያች ቅጽበት ዣንጥላቸውን፣ ሱቃቸውንና ስማቸውን ጥለው አፍና ቅንድብ ብቻ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለኤዶም እንደ ሕልም ነው። ክረምቱ በጉም ሸፍኖት፣ ፒያሳ ሁሉ ነገር በውሃ ውስጥ የሚታይ በመሰለበት ሰሞን፣ ያ ፊት በየሄደችበት ይጠብቃት ጀመር። ታክሲ ውስጥ ከፊቷ በተቀመጠች ልጅ ስልክ ላይ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ኬክ ቤት በር ላይ ሁለት አስተናጋጆች አንገት ላንገት ገጥመው ሲስቁ ጠጋ ብላ አየች፤ እሱው ነው። ነጠላ ለብሶ ወደ ጊዮርጊስ ለቅዳሴ በሚጣደፈው ሕዝብ መሃል አንድ ጎረምሳ ስልኩን አየና ሳቁን በጋቢው አፈነ። ጭጋጉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የእሷን ቃል እያነበበ የሚስቅ መሰላት። ለምን ይዋሻል፣ ደስ አላት። ኤዶም እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

አንዱ ኮሜንት ላይ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ይህቺ ሴትዮ የምር አለች ወይስ ኤአይ ናት?»

ኤዶም ያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ ነበረች። እትዬ ለተክርስቶስ ከጎኗ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሳታስብ መለሰችለት። «አለች እንጂ! ራስ መኮንን ድልድይ፣ ቁልፍና ዣንጥላ ቤት። ሰሞኑን ዝም ብላለች፤ ሂዱና እዩዋት!» ወዲያው ከሥሩ ልብ በልብ ሆነ።

* * *

የኤዶም ቤተሰብና እትዬ ለተክርስቶስ በአንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። የእትዬ ለተክርስቶስ ልጅ ኢየሩስ ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ደበሳይ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ እሷም ሐኪም «ከአልጋ እንዳትወርጂ» ብሏት እናቷ ዘንድ ተኝታለች። ፍልሰታ ሊገባደድ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ኤዶም እናቷ የሠራችውን የምስር ሾርባ ይዛላት ገባች።

ኢየሩስ ትራስ ተደግፋ ስልኳን ይዛ ትንፈቀፈቃለች። «ነይ፣ ነይ ኤዱዬ! ይሄን አይተሻል?»

ኤዶም ጎንበስ ብላ አየች። እሱው ነው።

«አይ እማ! ይሄ እኮ እኔ ብርጭቆ ስሰብር የምታየኝ ፊት ነው!» ኢየሩስ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች። «ኧረ በእመቤቴ፣ ሐኪሙ ሳቅ አልፈቀደልኝም። የመርፌና ክሩንስ አየሽው? ማን እንደጻፈው እንጃ፣ ግን አራዳ ነው!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኤዶም «እኔ ነኝ!» ብላ ትዘል ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ያዛት። ኢየሩስም ሳቋ ቀስ በቀስ አለቀና ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ ደፋችው። የዝናቡ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ለአንቺ ልንገርሽ» አለች ኢየሩስ። «እማ ጉሮሮዋን አልታመመችም።»

«እና?»

«ስለት ነው። ሱባኤ ልግባ ብላ ነበር፤ እኔን ጥላ የት ትገባለች? የንስሐ አባቷ ‹እንግዲያው በተቀመጥሽበት አርምሞ ያዢ› አሏት። ከፍልሰታ መግቢያ እስከ ፍቺው ድረስ ከጸሎት በቀር ቃል ላትተነፍስ ለእመቤታችን ተሳለች።» እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «ለዚህ።»

ኢየሩስን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ የሚያነሳው ግን የለም።

«ድንገት ቢያመልጣቸውስ?» አለች ኤዶም።

«እኔ እንኳ አምላክ በአንድ ቃል ልጅ ይነሳል ብዬ አላምንም። እሷ ግን...» ኢየሩስ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ባለፈው ያስወረደኝ ጊዜ ‹የኔ አፍ ነው ያስወረዳት! ስንቱን ስሰድብ፣ ስንቱን ሳስለቅስ ኖሬ!› እያለች ደረቷን ስትመታ በዓይኔ አይቻታለሁ። ለዚህ ነው ከሁሉ መርጣ አፏን የተሳለችው። አሁን አንድ ቃል ቢያመልጣትና ይሄ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን፣ እስክትሞት ራሷን ይቅር አትልም። አውቃታለሁ። አደራሽን ለሰው እንዳትነግሪ፤ ስለት ወሬ አይሆንም። ብቻ ከጎኗ ሁኚና ሰው እንዳያስቸግራት ጠብቂልኝ። እሺ?»

«እሺ» አለች ኤዶም። ሾርባውን አስቀመጠችላት። ያ የጻፈችው ኮሜንት ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ሂዱና እዩዋት።

* * *

ከበሩ ሳትወጣ ስልኳ ጮኸ።

«ኤዱ! ቀውጢ ሆኗል!» አለ ቃለአብ እያለከለከ። «ሰው እያስደነገጠ ቪዲዮ የሚሠራው ልጅ አለ አይደል? ድልድዩ ጋ ነው! ‹ዝምተኛዋን ማን ያናግራታል?› ብሎ ላይቭ ገብቷል! ያንቺን ኮሜንት አይቶ ነው የመጣው! ፈርተን ነበር፣ ሰው አያየንም ብለን፤ ይኸው...»

ኤዶም የቀረውን አልሰማችም። ዣንጥላዋንም አልያዘችም። ከእሪ በከንቱ ቁልቁል ሮጠች። ጭቃው፣ ድንጋዩ፣ ቆርቆሮ አጥሩ፣ ሁሉም በጉም ተውጦ ብቅ ጥልቅ ይልባታል፤ በሕልሟ እንደምትሮጥ ሁሉ እግሯ የትም የሚያደርሳት አልመስልሽ አላት። «እመቤቴ፣ እንዳይናገሩ። እመቤቴ፣ እንዳይናገሩ» ትላለች። ይህን ያህል ከልቧ ጸልያ አታውቅም፣ ለሚኒስትሪ ፈተና እንኳ።

ሱቁ በር ላይ ሰው ዣንጥላ በዣንጥላ ሆኖ ከቧል። መሃል ላይ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ ልጅ ስልኩን በዘንግ ላይ ሰክቶ ይንጎራደዳል።

«ማዘር፣ አንዴ ‹ሰላም› በሉን! አንዴ ብቻ! ሕዝቡ እየጠበቀ ነው!»

እትዬ ለተክርስቶስ ፈገግ ብለው እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማዘር፣ ሌባ! ያውልዎት፣ ዣንጥላዎን ይዞ እየሮጠ ነው!»

ከወንበራቸው ቀና ብለው አዩና መልሰው ተቀመጡ። ሰዉ ሳቀ። ልጁ ስልኩ ላይ የሚጎርፈውን ኮሜንት አነበበ፤ ሳቁ አልበቃውም መሰለኝ፣ ለስልኩ ጠቀስ አደረገና ፊቱን ድንገት አጨማዶ ባንኮኒው ላይ ወደቀ።

«ማዘር! ከሰፈር ነው የተላክሁት! ልጅዎ ወድቃለች!»

ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው እንኳ አያውቅም። በዘፈቀደ ነው የወረወረው።

እትዬ ለተክርስቶስ ብድግ አሉ። አፋቸው ተከፈተ፣ ቅንድባቸው ተሰቀለ። ያው ፊት ነው። ኤዶም ያንን ፊት እያጎላች እያሳነሰች ስንቴ አይታዋለች፤ የት ላይ ምን ቢጻፍበት እንደሚያምር ከማንም በላይ ታውቃለች። አሁን ግን ምንም ሊጻፍበት አይችልም ነበር። ዓይናቸው ፈጦ በሰዉ ላይ ይንከራተታል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ የ«ዋይ» መጀመሪያ ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ አንገታቸው ተገትሯል።

«ውሸት ነው!»

የማን ድምፅ እንደሆነ ኤዶም ራሷ አላወቀችውም። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ባንኮኒው ላይ ደረሰች።

«ውሸት ነው እትዬ! ኢየሩስ ደህና ናት! አሁን ከእሷ ዘንድ ነው የመጣሁት! ሾርባ ወስጄላት፣ ስትስቅ ነው ጥያት የመጣሁት፣ እየሳቀች ነው ያለችው! አይናገሩ! ስለ እመቤቴ ብለው አይናገሩ!»

እትዬ ለተክርስቶስ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዓይናቸውን ኤዶም ላይ ተከሉ። ኤዶም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፣ ደጋግማ። ዝናብ ከጸጉሯ ላይ ይንጠባጠባል።

«ኧረ ቀልድ ነው! ምን ታካብዳለች ይህቺ ጩጬ!» አለ ልጁ። ስልኩን ወደ ኤዶም አዞረ።

«የሰው እናት ነች!» አለች ኤዶም። «የሰው እናት ላይ እንደዚህ ይቀለዳል? ላሽ በል ከዚህ!» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ደነገጠች፤ ደግሞም የምትለው ለማን እንደሆነ በትክክል አላወቀችም፤ ለልጁም ለራሷም ይሆናል።

የከበበው ሰው ሳቁን ዋጠ። ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊ ጋሽ እንድሪስ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። ማንንም አልተቆጡም። «ሱቁ ተዘግቷል» አሉና የበሩን ቆርቆሮ እስከ ግማሽ ሳቡት። ባለቢጫው ልጅ ትንሽ አጉረመረመ፣ የሚስቅለት ሲያጣ ዘንጉን አጥፎ ሄደ።

* * *

ከግማሹ ቆርቆሮ በታች የሚገባው ብርሃን የሰው እግርና የሚረጨውን ውሃ ብቻ ያሳያል። እትዬ ለተክርስቶስ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው የኤዶምን ፊትና ጸጉር ያደርቁ ጀመር። ከዚያ ግንባሯን ሳሟት፣ ጉንጯን ሳሟት፣ እንደገና ግንባሯን። ያልተናገሩት ምርቃት ሁሉ በዚያ መሳም ውስጥ ነበር።

ኤዶም ልትሞት ደረሰች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«እትዬ...» አለች። «እኔ ነኝ...»

እትዬ ለተክርስቶስ አገጯን በጣታቸው ቀና አደረጉና ጠበቁ።

ኤዶም እኚያን ዓይኖች አየች። አሁን ብትናገር ቀላል ነው፤ ይህን በደንብ አወቀችው። አይቆጧትም፣ «አንቺ ነሽ?» አይሏትም፣ ሰምተው ዝም ይላሉ፣ እሷም እፎይ ብላ ቤቷ ትገባለች። ቁጣው ግን የት ይሄዳል? ጉሮሯቸው ላይ ነው የሚቀረው። ያንን ሁሉ ይዘው እስከ ፍቺው ሊቆዩ ነው? አሁን ሰው ሁሉ ሊያናግራቸው የሞከረው ሳያንስ፣ እሷ ደግሞ በእውነቱ ልታናግራቸው?

«...እኔ ነኝ ዛሬ የምዘጋው» አለች። «እርስዎ ይሂዱና ኢየሩስን ይዩዋት።»

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ቃለአብ ግቢው በር ላይ ጠበቃት። ሁለቱም ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

«ሁሉንም አጥፋው» አለችው። «ቻናሉ ላይ ያለውን፣ ስቲከሩን፣ ኮሜንቱን።»

«አጥፍቼዋለሁ። ግን ነፍ ሰው ወስዶታል፤ የፈሰሰ ውሃ ነው ኤዱ።» በጫማው ጫፍ ጭቃውን ጫረ። «ስሚ፣ ስታስቢው ግን ያንቺ መሆኑን የሚያውቅ የለም። ቻናሉ የኔ ነው። ከመጣም ‹አንድ የማላውቀው ሰው ነው የላከልኝ› እላለሁ፣ አለቀ። አንቺ እኮ ጀግና ሆነሻል! ሰፈሩ ሁሉ ስላንቺ ነው የሚያወራው።»

እውነቱን ነው። እናቷ ለሰማው ላልሰማው «የኔ ልጅ!» እያለች ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮም እትዬ ለተክርስቶስ በየጠዋቱ የኤዶምን ኪስ ቆሎ ይሞሉታል። ኤዶም ቆሎውን አትበላውም፣ አትጥለውም፤ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ስትነካካው ትውላለች። ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ደንበኛ ሲመጣ ኤዶም ትነሳለች፣ ሲሄድ ትቀመጣለች። ድልድዩ ላይ ጉሙ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ዣንጥላዎች ከጉሙ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። አንዳንዴ እትዬ ለተክርስቶስ በሐሳብ ጭልጥ ብለው ሲሄዱ እጃቸው ብቻውን የሕፃን ልብስ ቁልፍ ከካርቶኑ ላይ ይነካካል፤ ትንንሾቹን፣ ነጫጮቹን። ኤዶም ያን ስታይ ዓይኗን ወደ ውጭ ትመልሳለች።

የቃለአብ ነገር በጆሮዋ ይመላለሳል። የሚያውቅ የለም። አለቀ።

* * *

ፍልሰታ በተፈታበት ጠዋት ዝናቡ ጋብ ብሎ ሰማዩ ታጥቦ አደረ። ከጊዮርጊስ የሚመለሰው ሰው እንኳን አደረሳችሁ ይባባላል። ግቢው በወጥ ሽታ ታውዷል። የኤዶም እናት «ፊትሽን ታጠቢ፣ በኋላ ሁላችንም ተሰብስበን እትዬ ለተክርስቶስ ዘንድ እንገባለን» አለቻት። ከሰው ጋር መግባት ይቻል ነበር። ከሰው ጋር ገብቶ፣ ተስሞ፣ ተመርቆ፣ በልቶ መውጣት።

ኤዶም ፊቷን ታጠበች። ከዚያ እናቷ ጓዳ ስትገባ ጠብቃ ብቻዋን ግቢውን አቋረጠች።

ከበሩ ማዶ ድምፅ ይሰማል። ሻካራ፣ ዝገት የያዘው ድምፅ፣ አማርኛና ትግርኛ እየደበላለቀ፣ አፍታ ሳያርፍ ይወርዳል። የኢየሩስ ሳቅም አለበት። ኤዶም ከውጭ ቆማ ትንሽ አዳመጠች። ሕፃኑም እናቱ ሆድ ውስጥ ሆኖ እየሰማ ይሆናል አለች በልቧ። ከዚያ አንኳኳች።

«ማነው? ውይ ኤዶምዬ! ግቢ ጓለይ፣ ግቢ ልጄ!» እትዬ ለተክርስቶስ በሩን እስከ መጨረሻው በረገዱት። «ኧረ ይኸው ምላሴ ተፈታ! ስንት ነገር ተጠራቅሞብኛል መሰለሽ፣ ከማን ልጀምር? ካንቺ እንጂ! ያን ቀን ያንቺን ድምፅ ባልሰማ ኖሮ...»

«እትዬ፣ ከመግባቴ በፊት» አለች ኤዶም። ከደጃፉ አላለፈችም። ምላሷ እንደ ልማዱ ሊታሰርባት ነበር፤ ጊዜ ሳትሰጠው ስልኳን ከፈተችና በእጃቸው አስያዘቻቸው። ፎቶው ነው፤ ሳይቆረጥ፣ ከነዣንጥላው፣ ከነሱቁ። «እኔ ነኝ ያነሳሁዎት። ሰው የሚስቅበትን ጽሑፍ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ያ ልጅ የመጣውም እኔ ሱቁ የት እንደሆነ ጽፌ ነው። ያን ዕለት ልነግርዎት ነበር፤ ግን መልስ መስጠት አይችሉም ነበር።»

እትዬ ለተክርስቶስ ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙት። ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እማ፣ ማነው?» አለች ኢየሩስ ከውስጥ። ዓይናቸውን ከስልኩ አልነቀሉም።

ኤዶም የምትጨምረው ነበራት። ይቅርታ ስታዘጋጅ ነው የሰነበተችው፤ ጉሮሯቸውን የታመሙ መስሏት እንደነበር፣ ክፉ አስባ እንዳልሆነ፣ ሁሉንም እንዳስጠፋች። ሁሉም ቃል አፏ ላይ ተደርድሮ ነበር፣ ያውም ሳይጠፋባት፣ ሳይተሳሰርባት። ግን ዋጠችው። እጆቿን ኋላዋ አጣምራ ደጃፉ ላይ ቆመችና እትዬ ለተክርስቶስ እስኪናገሩ ጠበቀች።